ተለዋጭ ሹፌር

ጥቅምት 14

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ ባለሽበት በሰላምና በጤና ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን ማለት ወጉ ስለሆነ ደህና ነን። እማማ «የላከችው ገንዘብ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ በላት» ብላኛለች።

ስልክ ስትደውዪ እማማ ቀድማ ታነሳለች፣ ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ፣ ከዚያ ሂሳቡ ያልቃል። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። የእኔ ስልክ ደግሞ ከሰኔ ወዲህ ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ለምን እንደዘጋሁት ግራ ገብቶሽ እንዳትጨነቂ፣ ልንገርሽ። ለወንድም ጋሼ ድርጅቱ የሰጠው የጭነት መኪና ሬዲዮው አይሠራም ነበር። መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለው አመሻሽ ላይ ይደውልልኛል፣ እኔም የማጠናውን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ጂኦግራፊ ይወዳል። ኬሚስትሪ ስጀምር «ጣቢያ ቀይር» ይለኛል። ሲደክመኝና ድምፄ ሲወርድ «ድምፅ ጨምር፣ ሬዲዮ» ይለኛል። ስሙ ከዚያ ወጣልኝና እስከ ሰፈር ድረስ ሬዲዮ ሆንኩ። የዚያን የሰኔ ቀን ግን አልደወለም። በማግስቱ ፈተና እንዳለብኝ ያውቅ ነበር።

አሁን የምጽፍልሽ ለጥያቄ ነው። አባባ የሚሠራበት ሳሙና ፋብሪካ ዕቃውን ከሚያጓጉዝለት ድርጅት ጋር ያለው ውል እያለቀ ነው። አዲስ ለመምረጥ ጨረታ ሊያወጡ ነው። ውሉ የሚያልቅበት ድርጅት ያ ሰማያዊ መኪኖች ያሉት፣ ወንድም ጋሼ ይሠራበት የነበረው ነው። ከአንድ መንገድ ሲመለስ ሳያርፍ እንደገና ብቻውን የላኩት እነሱ ናቸው። ደግመው ይወዳደራሉ ይባላል። አባባ ደግሞ የመጋዘን ኃላፊ ስለሆነ መራጩ ኮሚቴ ውስጥ አለ።

አባባ ከሰኔ ወዲህ የወንድም ጋሼን ስም ጠርቶ አያውቅም። ጎረቤት ሲያነሳበት እንኳ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ወደ ጓዳ ይገባል።

አንቺ እዚያ በሰው አገር የማጓጓዣ ክፍል ውስጥ ስለምትሠሪ ታውቂዋለሽ። አጓጓዥ የሚመረጠው እንዴት ነው? አባባ ተመልሶ እነሱን ሊመርጥ ይችላል?

ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። ጫማ አያስፈልገኝም፤ ባለፈው የላክሽው ገና ይሰፋኛል።

የወንድምሽ ልጅ፣
ሬዲዮ


ኅዳር 11

ለማልጠግብህ የወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ለእናትህ መጽናኛ ያድርግህ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። ደብዳቤህን በቦርሳዬ ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ። ሲጀምር የሥራ ጥያቄ ይመስላል፤ መሃሉ ላይ ስደርስ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

እንግዲህ እንደ ሥራ ልመልስልህ።

ጨረታ የሚጀምረው ከሰነዱ ነው። ፋብሪካው የሚፈልገውን ሁሉ ቀድሞ ይጽፋል፤ ምን ዓይነት መኪና፣ በስንት ቀን ማድረስ፣ ዕቃ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፣ ሁሉንም። ተጫራቾቹ ያንን ሰነድ ይገዙና ሁለት ፖስታ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ሥራውን እንዴት እንደሚሠሩት የሚያስረዳ ነው፣ ሌላው ዋጋ ነው። ኮሚቴው መጀመሪያ የሥራውን ከፍቶ ነጥብ ይሰጣል። ያለፉትን ብቻ ይዞ ዋጋውን ይከፍታል። ዋጋ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲናገር ግን የሚረታው የለም።

ስለዚህ ልጄ፣ ሰዎች ጨረታ የሚወሰነው ፖስታው ሲከፈት ይመስላቸዋል። የሚወሰነው ሰነዱ ሲጻፍ ነው። ያልጻፍከውን ነገር ኋላ ተነስተህ «ይህም ያስፈልገኝ ነበር» ብትል የሚሰማህ የለም። ሰነዱ ገና ካልወጣ ስለ ሹፌሮች ምን እንደሚል እወቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከኮሚቴው ውስጥ ከተጫራች ጋር ዝምድና፣ ጸብ ወይም ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው ቀድሞ ተናግሮ ይወጣል። እዚህም ሕጉ ያ ነው፣ እዚያም ሌላ የሚሆን አይመስለኝም። ይህን የጻፍኩልህ ስለጠየቅከኝ እንጂ ለአባትህ ንገረው ብዬ አይደለም።

እኛም መሥሪያ ቤት አሁን አጓጓዥ እየመረጥን ነው። እስካሁን ዕቃውን የምናደርሰው በራሳችን መኪኖችና በራሳችን ሰዎች ነበር፤ አለቆቻችን ለውጭ ድርጅት ይሰጥ አሉ። ነጥብ ከሚሰጡት አንዷ እኔ ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል።

በልተህ ነው የምታድረው? በሁለት ቃል እንኳ ቢሆን መልስልኝ።

አክስትህ


ኅዳር 30

ለምወድሽ አክስቴ፣

ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። በልቼ ነው የማድረው። ይኸው ከሁለት ቃል በላይ ሆነልሽ።

አባባን ጠየቅኩት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን እየቦረሸ ነበር።

«አባባ፣ ሰነዱ ስለ ሹፌር ምን ይላል?»

«መንጃ ፈቃድ ያለው ይላል።»

«ስለ እንቅልፍስ?»

ብሩሹ ቆመ። «ይህን ማን አስተማረህ?»

«አክስቴ።»

«እሷ ድሮም ከዚያ ሆና እዚህ ያለውን ታያለች» አለና ተነስቶ መስኮቱን ሊዘጋ ሄደ። መስኮቱ ዝግ ነበር። ትንሽ ቆሞ እጀታውን ነካ ነካ አድርጎት ተመለሰ። ያኛውን ጫማ ሳይቦርሽ አድርጎት ወጣ።

ስለ ዝምድና የጻፍሽልኝን ደግሞ ጎረቤታችንን ጠየቅኳት። የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ የሆነችውን፣ ታውቂያታለሽ፣ ስትስቅ ትከሻ የምትመታዋን። እሷም ኮሚቴው ውስጥ ናት።

«ሰብሳቢው ጠይቀዋል» አለችኝ። «ከተጫራች ጋር ጉዳይ ያለው አለ ወይ አሉ። ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን።»

«አባባስ?»

«አባትህም ጠረጴዛውን አየ።»

«እናንተ ታውቁ የለ?»

«አንተ ልጅ፣ ማን የማያውቅ አለ? ሰብሳቢው ራሳቸው ቀብር ላይ ቆመው አልነበር? ግን ማን አፍ አውጥቶ ለአባትህ 'ልጅህ ሞቶብሃልና ውጣ' ይበለው? አንተ ትለዋለህ?»

አልለውም። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆኗል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ለእሱ ክብር ብሎ እንዳላወቀ ሆኗል። እሱም እንዳልሆነበት ሆኗል። አክስቴ፣ እኔ የሚያንገበግበኝ ሕጉ አይደለም። ከእነሱ ጋር ጉዳይ ያለው ሰው አለ ወይ ተብሎ ተጠይቆ ዝም ማለት፣ ወንድም ጋሼ አልነበረም ማለት አይመስልሽም?

ሰነዱ ባለፈው ሳምንት ተሸጧል። ምን እንዳለበት አላየሁም። አባባ ካነጋገርኩት ወዲህ ጠዋት እኔ ሳልነሳ ይወጣል። ማታ እራት ላይ ሦስታችን ነን፤ እማማ አሁንም አንዳንድ ቀን አራት ሳህን ታወጣና አንዱን መልሳ ታስገባዋለች። ሳህኑ ሲቀመጥ የሚያሰማው ድምፅ ትልቅ ነው።

ምናለ ቶሎ ብትመልሺልኝ።

ሬዲዮ


ጥር 8

የወንድሜ ልጅ፣ ጌታዬ፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። ቶሎ ብለኸኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ።

በአባትህ አትፍረድ። ልጅ ሆነን አባታችን ሲሞት እሱ ያንተን ዕድሜ ያህል ነበር፤ ያኔም ተነስቶ የአጥሩን በር መጠገን ጀመረ። በሩ ምንም አልሆነም ነበር። አፍ ያልሰጠው ሰው በእጁ ነው የሚያለቅሰው።

ግን ያደረገውም ልክ አይደለም፣ እሱን አልደብቅህም። ምናልባት «ከተናገርኩ ያወጡኛል፣ ከወጣሁ ለልጄ ማን ይቆምለታል» ብሎ ይሆናል። ነገሩ የሚበላሸው ኋላ ነው። ከተሸነፉት አንዱ የሞተውን ልጅ ነገር ሰምቶ አቤት ቢል ጨረታው ይሰረዛል። እስኪደገም ድረስ ማን የሚሠራ ይመስልሃል? ያው የድሮው፣ ባለ ሰማያዊው፣ በድሮው ውል። ሹፌሮቹም እንደ ድሮው ብቻቸውን ይወጣሉ። የሁላችሁም ይሉኝታ የሚያደርሳችሁ እዚያ ነው።

ፖስታው ከመግባቱ በፊት የጥያቄ ስብሰባ አለ። ተጫራቾች ያልገባቸውን ይጠይቃሉ፣ ፋብሪካው በሁሉም ፊት ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል። አባትህ የሚናገር ከሆነ ጊዜው እስከዚያ ነው። ይህን ግን አንተ አትንገረው፤ እኔ ጽፌለታለሁ። መልስ አልጠብቅም።

የእኛ ጨረታ አልቋል። ጥሩ ድርጅት አሸንፏል። ከመጋቢት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ አትጻፍልኝ፤ የቤቴን ከታች ጽፌልሃለሁ። ለእናትህ በዚህ ወር ትንሽ እንደምዘገይ ንገራት። ምክንያቱን ከጠየቀችህ የባንክ ጉዳይ ነው በላት።

እዚህ ብርድ ነው። የማወራው ሰው ስለሌለ ብርድ ነው እልሃለሁ።

አክስትህ


ጥር 29

ለምወድሽ አክስቴ፣

እግዜር ይስጥልኝ ለደብዳቤሽ። የባንክ ጉዳይ ነው አልኳት። እማማ «ባንኩ ምን ነካው?» አለች፣ ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም አንቺን ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሆነውን ልንገርሽ።

የጥያቄው ስብሰባ የፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጎረቤታችን «ክፍት ስብሰባ ነው፣ የመጣ ይቀመጣል» ስላለችኝ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ገባሁና ከኋላ፣ ከውኃ ማጣሪያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከፊት ኮሚቴው፣ አባባ ጫፍ ላይ። ተጫራቾቹ አራት ናቸው። የሰማያዊዎቹ ሥራ አስኪያጅ ለሐዘን ቤታችን መጥቶ እማማን እጇን ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። አባባን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። አባባም ሰላም አለው።

ስለ ካርቶን ማሰሪያ ተጠየቀ፣ ስለ ዝናብ መከለያ ሸራ ተጠየቀ። ከዚያ ከአንዱ አዲስ ድርጅት የመጣ ቀጭን ሰው፣ ብዕሩን ጆሮው ላይ የሰካ፣ ተነሳ።

«ሰነዱ ከስምንት ሰዓት በላይ ለሚወስድ መንገድ ተለዋጭ ሹፌር ይላል። ያለ ተለዋጭ ሹፌር መኪና ከግቢ አይወጣም ይላል። ይህን የሚጠይቅ ሌላ ፋብሪካ አላየንም። ዋጋ ያስጨምረናል። ለምን እንዳስፈለገ ቢብራራልን?»

አክስቴ፣ አባባ ጽፎታል። ያን ቀን ብሩሹን ካቆመ በኋላ ጽፎታል፣ ወይም ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ለዚያ ነበር።

ሰብሳቢው ወደ አባባ ዞሩ። «ነጥቡን ያስገቡት እርስዎ ነዎት፣ ያስረዱ።»

አባባ ተነሳ። «ለዕቃው ደኅንነት ነው» አለ።

«ዕቃው ኢንሹራንስ አለው» አለ ቀጭኑ ሰውዬ። «ሳሙና ደግሞ ተገልብጦም ሳሙና ነው።»

ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አያውቁም። ጎረቤታችን ግን አልሳቀችም፣ የሰማያዊዎቹ ሥራ አስኪያጅም ጉልበቱን እያየ ነበር። አባባ እስኪያበቁ ቆመ። ከዚያ የወንድም ጋሼን ስም ጠራ። ሙሉ ስሙን ከራሱ ስም ጋር፣ ትምህርት ቤት ስም እንደሚጠራ።

«እንዲህ የሚባል ልጅ ነበረኝ» አለ። «ሹፌር ነበር። ከመንገድ በተመለሰበት ቀን ከዚሁ ግቢ ደግሞ ጭኖ ወጣ። የመውጫ ወረቀቱን የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ብቻውን ነበር። የኢንሹራንሱ ነገር እውነትዎን ነው፣ የሳሙናውን ከፍሏል።»

ውኃ ማጣሪያው ሲንጠባጠብ ተሰማኝ። ቀጭኑ ሰውዬ ብዕሩን ከጆሮው አወረደና «ይቅርታ አባቴ» ብሎ ተቀመጠ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አሁን ይህን በስብሰባ ላይ ከተናገሩ...»

«አውቃለሁ» አለ አባባ። «ቀድሞ መናገር ነበረብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«ነጥቡ ይቆያል» አሉ ሰብሳቢው። «ለአራቱም ተጫራቾች እኩል ነው።»

አባባ ኮቱን ከወንበሩ አንስቶ በመሃል መተላለፊያው መጣ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ትምህርት የለህም?» አለኝ። አለቀ አልኩት። «በል ተነስ እንሂድ።»

እስከ ቤት በእግር ሄድን። መንገድ ስንሻገር እንደ ሕፃን እጄን ያዘኝ፣ ተሻግረንም አልለቀቀኝም። የክፍል ጓደኞቼ አዩኝ፤ አላፈርኩም።

አሁን ከኮሚቴው ስለወጣ ድምፅ የለውም። ምርጫውን እነ ጎረቤታችን ይጨርሱታል። ልክ አድርጓል ወይስ አላደረገም? ደግሞስ አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው አድራሻ የምትቀይሪው?

ሬዲዮ


የካቲት 25

ለወንድሜ ልጅ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ልክ አድርጓል። ድምፁን አጥቶ ነጥቡን አትርፏል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም ነበር።

ደብዳቤህን ያነበብኩት መሥሪያ ቤት፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። ወንበሮቹን ወስደዋቸዋል። ዕቃ ማመላለሱን ለውጭ ድርጅት መስጠት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስጽፍልህ አልነገርኩህም፤ መኪና ብቻ አይደለም የሚሰጠው። መኪኖቹን የሚያሰማራው ክፍል አብሮ ይሄዳል። ክፍሉ እኔ ነኝ፣ ሁለት ሰዎችም ነበሩ። ያሸነፈው ድርጅት የራሱ ሰዎች አሉት።

«ስምሪት» የሚለውን ረድፍ የገመገምኩት እኔ ነበርኩ። እነሱ ከሁሉም የተሻሉ ስለነበሩ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኋቸው። የእኔ ሥራ ነው፣ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፣ ጥሩ የሚሠራውን ስታየው ታውቀዋለህ። አለቃዬ ኋላ «ስለዚህ እርስዎ...» ብሎ ሲጀምር ነው የገባኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰምቶ ነበር። እዚህም ሰው ይሉኝታ አለው፣ አይገርምህም?

ለእናትህ አትንገር። ገንዘብ ለጥቂት ወራት አልልክም፣ ባንኩ ገና አልተስተካከለም በላት። እሷ እንደሆነች ገብቷታል።

ሥራ እየፈለግኩ ነው። ቀኑ ደህና ነው፣ ያልፋል። አመሻሽ ላይ ግን ቤቱ ዝም ይላል። ስሠራ ሹፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ይደውሉልኝ ነበር፤ የት ደረስኩ፣ የት ልዙር፣ በሩ ተዘግቷል እያሉ። ሰው ሲያለቃቅስብህ መዋል እንዲህ የሚናፍቅ አይመስለኝም ነበር።

የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ደብዳቤ ስትጽፍልኝ መጨረሻው ላይ ከጂኦግራፊ መጽሐፍህ ጥቂት ገልብጥልኝ። የፈለግከውን። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።

ማን አሸነፈ?

አክስትህ


መጋቢት 27

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፣ ከጎንሽም ይቀመጥ።

ሰማያዊዎቹ አሸነፉ።

ዋጋው ሲከፈት አባባ አልነበረም። ጎረቤታችን ማታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነገረችን፤ አልገባም አለች። አራቱም ተለዋጭ ሹፌር እናሰማራለን ብለው ጽፈዋል። በሥራው ፖስታ ሦስቱ እኩል ለእኩል ናቸው። በዋጋ ግን ሰማያዊዎቹ ሁለት ሹፌር ቆጥረውም ከሁሉም ዝቅ አሉ። «መኪናው አላቸው፣ መንገዱን ያውቁታል» አለች። «የሰጠሁትን ነጥብ ልደብቃችሁ አልችልም። ይገባቸው ነበር።»

እማማ «እነሱ?» አለች፣ አንዴ ብቻ።

እኔ ብዙ ተናገርኩ። አልጽፍልሽም፤ ጎረቤታችን ጥፋት አልነበረባትም፣ ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አባባ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ጨረታ ነው» አለ። «የጻፍነውን አሟልተው መጡ። ከዚህ በኋላ የምንጠላቸው በግላችን ነው።»

እኔ በግሌ እጠላቸዋለሁ። እሱም ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱ ውል ጀመረ። አባባ ጠዋት ቀሰቀሰኝና «ልበስ» አለኝ፣ ወዴት አላለኝም። ፋብሪካው በር ላይ ቆምን። የመጀመሪያው መኪና ጭኖ መጣ፤ ያው ሰማያዊ፣ ያው የተላጠ መከላከያ። ሹፌሩ ወርዶ የመውጫ ወረቀቱን ለአባባ ሰጠው። አባባ አልፈረመም። ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ጋቢናው ቀና ብሎ አየ።

«ሌላው የታለ?»

«ተኝቷል አባቴ» አለ ሹፌሩ። «ማታ የሚነዳው እሱ ነው። ልቀስቅሰው?»

«እንዳትነካው።»

አባባ ደረጃውን ወጣና በመስኮቱ አየው። እኔም ከኋላው ተንጠልጥዬ አየሁ። ወንድም ጋሼን የሚያህል ልጅ ነው። ጃኬቱን ጠቅልሎ ተንተርሶ፣ አፉን ከፍቶ፣ መስታወቱ በትንፋሹ ጉም ለብሷል። አባባ ብዙ ቆየ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ከዚያ አባባ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ፣ ሰጠው። «በሩን ስትዘጋ ቀስ አድርገህ» አለው።

መኪናው ሲታጠፍ በጎን መስታወቱ ሁለት ጭንቅላት ይታያል፣ አንዱ ዘንበል ያለ። መንገዱ ባዶ ከሆነ በኋላም ቆመን ነበር። ያ ልጅ የተኛበት ወንበር ሰኔ ላይ ባዶ ነበር። ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም፤ አንቺም ይህንኑ እንደምታስቢ አውቃለሁ።

የአንቺን ነገር ለእማማ አልነገርኳትም፤ እሷ ነች የነገረችኝ። «አክስትህ ከሥራ ወጥታለች፣ ባንክ ባንክ አትበሉኝ» አለች። ገንዘብ እንዳትልኪ ብላለች። ከላክሽ መልሳ ትልክልሻለች፤ ታውቂያታለሽ፣ ታደርገዋለች።

ከመጽሐፉ ገልብጥልኝ ያልሽውን ጀምሬ ነበር። ስለ ወንዞች ነው። ወንዝ ከተራራ ሲወርድ ችኩል ነው፣ ሜዳ ሲደርስ ይዘገያል፣ እየዞረ ይሄዳል ይላል። ግማሽ ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ደከመኝ፤ ይህ ነገር በጽሑፍ አይሆንም፣ የድምፅ ነገር ነው።

ስልኩን ከመሳቢያው አውጥቼ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ በራ። ቁጥሩ ያው ነው። ከትምህርት ቤት መጥቼ የማጠናው አመሻሽ ላይ ነው፣ አንቺም ቤቱ ዝም የሚልብሽ ያኔ ነው። ደውዪና ምንም አትበዪ፣ አነብልሻለሁ። ኬሚስትሪ ከሆነብሽ ጣቢያ አስቀይሪኝ። ድምፄ ከወረደ ደግሞ ምን እንደምትዪኝ ታውቂያለሽ።

የወንድምሽ ልጅ፣
ሬዲዮ